የሚያበራው መሮ

ግንቦት ላይ ነው። ቢቸና አካባቢ ካለ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የደጀ ሰላሙን ጣሪያ እንድንሠራ ተጠራን። ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር አጥብቀው ያዙ። አንደኛ፣ ለሰኔ ሚካኤል ይድረስልን። ሁለተኛ፣ ቋሚውና አግዳሚው በሚስማር አይያያዝም፣ እንደ ድሮው ወንዴው፣ ማለት የተቀረጸው ጫፍ፣ ሴቴው ውስጥ፣ ማለት የተፈለፈለው ቀዳዳ ውስጥ፣ ገብቶ በወይራ ሽብልቅ ይጠበቅ። በጣም ደስ አለኝ። ዛሬ አናጺ ማለት ሞራሌ ገዝቶ ሚስማር መትቶ የሚሄድ ሆኗል። እኔ ይህን ሙያ የወደድኩት ግን አባቴ ቤት የነበረውን የጽድ ምሰሶ እያየሁ ነው፤ አንድ ሚስማር ሳይነካው ዕድሜዬን ሁለት እጥፍ የቆመ ምሰሶ ነበር።

ችግሩ መሣሪያ ነበር። ሴቴውን ለመፈልፈል ወፈር፣ ረዘም፣ ሰፋ ያለ መሮ ይፈልጋል። ሱቅ ያለው አዲስ መሮ ለበርና ለመስኮት ነው የተሠራው። ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ አሳርፈህ በእንጨት መዶሻ ስትመታው ወይ እጀታው ይሰነጠቃል ወይ ራሱ መሮው ይጎብጣል። ስለዚህ የድሮ መፈለግ ጀመርኩ። ደብረ ማርቆስ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ የድሮ መሣሪያ አሳድሶ እያመጣ ይሸጣል አሉኝ። ሄድኩ።

ሸራ አንጥፎ ደርድሯቸዋል። መሮዎቹ እንደ መስታወት ያበራሉ። እጀታቸው አዲስ፣ ቫርኒሽ የተቀባ። ስለታቸውን በአውራ ጣቴ ነካ አደረግኩት፣ ምላጭ ነው። ዋጋ ተከራክሬ አራቱን በ6,400 ብር ገዛሁ። ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የዛገ ብረት ነበር። እጄን ከትቼ አንድ መሮ አወጣሁ። ከባድ ነው፣ ስፋቱ ኢንች ተኩል፣ እጀታ የለውም፣ ዝገት በዝገት። ዝገቱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው የላቲን ፊደል ወጣ። ሼፊልድ ይላል። ከሥሩ ካስት ስቲል። ካስት የሚለውን ሳይ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ተራ ብረት መሰለኝ፣ እንደ ወፍጮ ክፍል፣ ሲመታ የሚሰበር። መለስኩት። ይህን የማነሳው ያን ቀን ሁለት ስህተት በአንድ ቦታ ስለሠራሁ ነው።

ሥራውን ጀመርን። እኔ፣ አንድ ጓደኛዬና አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነን። ልጁን እናቱ ናት ሙያ አስተምርልኝ ብላ ያመጣችው። መጀመሪያ ሰዓት መሮዎቹ እንደ ቅቤ ቆረጡ። ከሰዓት በኋላ ልጁ መጣና «ጋሼ፣ ይቺ አፏ ታጠፈ» አለኝ። አየሁት። ጫፉ አልተሸረፈም፣ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል። «ሳላት» አልኩት። ሳላት። አሥር ጊዜ መታ፣ ደግሞ ታጠፈች። ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ። ባሕር ዛፉ ጠንካራ ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሥራው ቸኩሏል፣ ቀኑ ሄዷል፣ ገንዘቡም ወጥቷል፤ ሰው ከፍሎ የገዛውን ነገር መጥፎ ነው ብሎ ለመቀበል ልቡ ይከብደዋል፣ እኔም ከበደኝና ለሁለት ቀን ሙሉ «ሳላት» ከማለት በቀር አንድም ጊዜ ቁጭ ብዬ ብረቱን ራሱን አልመረመርኩም።

በሦስተኛው ቀን ሆነ። ልጁ የሴቴውን ግድግዳ ያስተካክላል። በመዶሻ አይደለም፣ በእጁ እየገፋ። የተሳለ መሮ ለዚህ ጉልበት አይጠይቅም፣ ራሱ ይሄዳል። ዶልዱሞ ሲገኝ ግን ሰው ደረቱን ያስደግፍበታል። ደረቱን አስደገፈ፣ ግራ እጁ ከፊት እንጨቱን ይዞ ነበር፣ መሮው ጉጡ ላይ ተንሸራቶ ወጣና መዳፉን ከትንሿ ጣት ሥር ሰነጠቀው። አልጮኸም። ቆሞ እጁን ያያል። ደሙ ነጩ ፍላጭ ላይ ሲንጠባጠብ ነው እኔም ያየሁት። ሸሚዜን አውልቄ ጠቀለልኩለትና በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። ሰባት ቦታ ተሰፋ። ጅማቱም ተነክቷል አሉን።

እናቱ በማግስቱ መጣች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም። ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ እጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ወንድሜ፣ እኔ አደራ ስልህ መሣሪያውን አይተህ የምትሰጠው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

አራቱን መሮ በጨርቅ ጠቅልዬ ከከተማው ዳር ወዳሉ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ሄድኩ። ማረሻም ምሳርም የሚሠሩ፣ ከመኪና ባሌስትራ ምርጥ ቢላዋ የሚያወጡ ሰው ናቸው። አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሞረድ አነሱና የመጀመሪያውን መሮ ጫፍ ፋቅ አደረጉት። ሞረዱ ነከሰው፣ ብናኝ ረገፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንደዚያው። አራተኛውን ጫፉ ላይ ሲፍቁት ነከሰ፣ አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ብለው ሲፍቁት ግን ሞረዱ ጭው ብሎ ተንሸራተተ፣ ብርጭቆ ላይ እንዳለ። «ሰማህ?» አሉኝ። ሰማሁ። «ይኼኛው ድምፅ ነው መሮ። ያኛው ተቃጥሏል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞረድ ለስላሳ ብረት ይነክሳል፣ ጠንካራው ላይ ይንሸራተታል። የመሮ ስለት ጥንካሬውን የሚያገኘው ግሎ ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ በለሆሳስ እንደገና ሞቆ ነው። ያን ጥንካሬ ደግሞ ሙቀት መልሶ ይወስደዋል። ደረቅ ግራይንደር ላይ አጥብቀህ ስትይዘው ቀጭኑ ጫፍ በደቂቃ ውስጥ ይግላል። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ያመጣል፣ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ከሆነ የመሮ ጥንካሬው ሄዷል። ስለት ታወጣለት ይሆናል፣ አይዝም እንጂ። ያሳደሰው ሰው ሰማያዊውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አጥፍቶታል፣ ስለዚህ የቀረኝ ያ መስታወት የሚመስለው ብርሃን ብቻ ነበር። አንጥረኛው እሳቸው ሲስሉ አጠገባቸው ሁልጊዜ ባልዲ ውኃ አለ። ብረቱ እጃቸውን ካሞቀ ይነክሩታል። በቃ።

የአራተኛውን የተቃጠለ ጫፍ ቀስ ብለው በውኃ ድንጋይ ፈጭተው አዳኑልኝ። ሦስቱን እንደገና እሳት አስገብተው ለማጠንከር ሞከሩ፤ አንዱ ሲነከር ተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ለቀላል ሥራ ሆኑ።

ከዚያ ስለዛገው ነገርኳቸው። ካስት ስቲል የሚለውን ግን እሳቸውም አያውቁትም ነበር። በኋላ አንብቤ ነው የተረዳሁት። በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል እንግሊዛዊ የሰዓት ሠሪ፣ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ወጥ የሆነ ዐረብ ብረት አጥቶ፣ ብረቱን በሸክላ ማሰሮ ውስጥ አቅልጦ አጠራው። ሼፊልድ ከተማ በዚህ ብረት ታወቀች። መሣሪያ ሠሪዎቹም ካስት ስቲል እያሉ የሚያትሙበት ለኩራት ነው፣ ምርጡ ስለት የሚያወጣ ብረት ነውና። እኔ የመናኛ ምልክት አድርጌ ያነበብኩት ይህን ነው።

ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። ለነጋዴው መሮዎቹን በሞረድ አሳየሁት። ደነገጠ። የሚያሳድሱት አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ናቸው፣ እሱ የሚያየው ማብራቱን ነው። ግማሹን ገንዘብ መለሰልኝ፣ ለሰውዬው ቂም የለኝም። ማዳበሪያውን ዘረገፍነው። መሮው እዚያው ነበረ፣ 700 ብር። በዚህኛው አልቸኮልኩም። ሞረዱን አሳለፍኩበት፣ ተንሸራተተ። በክር አንጠልጥዬ መታ አደረግኩት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ስንጥቅ ያለው ብረት እንዲህ አይጮህም። ጀርባውን ፋቅኩት፤ ዝገት ጀርባው ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ ስለቱ መቼም አይቀናም፣ ይኼ ግን ጉድጓዱ ሁሉ ላይኛው ወገን ነበር። እጀታው የሚገባበት ቀዳዳም በመዶሻ ተመትቶ አልተዘረጠጠም። የወይራ እጀታ ገባለት። ጎኑ ላይ ሲሳል ሁለት ብረት መሆኑ ይታያል፤ ለስላሳው ብረት ጀርባ ላይ ቀጭን ዐረብ ብረት ተበይዷል፣ መስመሩ እንደ ክር ነው።

ጣሪያውን ለሰኔ ሚካኤል አደረስነው። የቀሩትን ሴቴዎች የፈለፈልኩት በዚያ መሮ ነው፣ በቀን አንዴ ከሳልኩት ይበቃ ነበር።

ልጁ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰ። ትንሿ ጣቱ እስካሁን ሙሉ ለሙሉ አትታጠፍም። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አብረን ሄድን፣ አንድ የሚያበራ መጥረቢያ አነሳ፣ ከኪሱ ትንሽ ሞረድ አወጣና ጫፉን ፋቀው። ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ መጥረቢያውን መልሶ አስቀመጠና ወደሚቀጥለው ሸራ አለፈ።