ናይትሬት የምትባል ፈተና

ዛሬ የዓሳ ገንዳዬን ውሃ ስለካ ነው የዋልኩት ማለት ይቻላል። ዓሳን የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ እሰይ! ከእነሱ የሚመጣው ናይትሬት ግን ሌላ ጣጣ ነው። በእኔ ኪት (ኬሚካል ውሃው ላይ ጠብ እያደረጉ በቀለሙ የሚለኩበት ዕቃ) ለናይትሬት የሁለተኛዋ ጠርሙስ ኬሚካል ከታች ይዘቅጣል። ቅቤ እንደሚናጥ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ካልተናጠች ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይወጣል። ውሃው ጥሩ ነው ብለህ ትተኛለህ፣ ዓሳው ግን ያውቀዋል። ከዚያ ውሃውና ጠብታው ያለበትን የመለኪያ ቱቦ 1 ደቂቃ መነቅነቅ፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ።

ጠብታ ሲቆጠር ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ይዘቅዘቅ፤ ካጋደለ የጠብታው መጠን ይለያያል። ቱቦውም አስቀድሞ በሚለካው ውሃ ይለቅለቅ። ቀለሙን በቀን ብርሃን ብቻ ነው የማየው። በቢጫ አምፖል ስር ብርቱካናማና ቀይ መለየት ጠብ ያስነሳል!

ለማንኛውም ናይትሬቱ በሊትር ወደ 40 ሚሊግራም ተጠግቷል። ነገ ውሃ እቀይራለሁ።