እድር የሌለበት ቀብር

ኢም የምትባል መንደር ሄጄ የተነሳሁትን ፎቶ ስልክላቸው አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ተንጫጩ። "እንግሊዝም ገጠር አላት እንዴ?" አላት! በግም አላት፣ ጭቃም አላት፣ አውቶቡስ ካመለጠህም ቆመህ መጠበቅ ነው። ኢም ያለችው ደርቢሸር ውስጥ ነው፤ እኔ ከምኖርበት ከሼፊልድ ብዙም አትርቅም። ቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ውስጥ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል አለ።

እሱን እያየሁ አንዲት ሴትዮ መጣችና "ክርስትናን ለእናንተ ያመጣንላችሁ እኛ ነን አይደል?" አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ ይሄ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ እናንተን ሊሰብክ ከሮም የተላከው አውግስጢኖስ ግን ኬንት የደረሰው በፈረንጆቹ በ597 ነው አልኳት። "ደስ ይላል" ብላ ውሻዋን እየጎተተች ሄደች። እስካሁን ይከነክነኛል።

ግን የመንደሯ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። በፈረንጆቹ በ1665 ከለንደን ለልብስ ሰፊ የተላከ ጨርቅ የቸነፈር ወረርሽኝ ይዞ ገባ ይባላል። በሰኔ 1666 ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰንና ከእሱ በፊት የነበረው ቶማስ ስታንሊ ሕዝቡን አሳመኑ፦ በሽታው ወደ ሌላ መንደር እንዳይዛመት ማንም ከዚህ አይወጣም። የጎረቤት መንደር ሰዎች ምግብ ድንበር ላይ አስቀምጠው ይመለሳሉ። ሂሳቡ ደግሞ አቼቶ በተሞላ የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጥላቸዋል። ድንጋዩ ዛሬም አለ። ጣቴን ከትቼ አየሁት፣ የቀዳዳው ጠርዝ ተፍቆ ለስልሷል።

ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ ሜዳ ላይ ሆነ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የሞተበትን ራሱ ይቅበር ተባለ። የሞቱት 260 ነበሩ ይባላል፤ የሞምፐሰን ሚስት ካትሪንም አንዷ ናት።

ራይሊ የሚባለው ኮረብታ ላይ በአጭር የድንጋይ አጥር የተከበቡ መቃብሮች አሉ። ኤልዛቤት ሃንኮክ በነሐሴ 1666፣ በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን እዚያ ቀበረች። ብቻዋን። ቆፍራ፣ ጎትታ፣ አፈር አልብሳ። ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ፣ "እግዜር ያጽናሽ" የሚል የለ። እኛ ብንሆን ለቅሶ ሳንደርስ አንቀርም ነበር፣ በዚያም አገር ምድሩን በበሽታ እንጨርስ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ እነሱ ያደረጉትን እኛ የምንችለው አይመስለኝም። እንግሊዞቹ በበኩላቸው ዛሬ ወረርሽኝ ሳይኖርም ጎረቤታቸው መሞቱን የሚሰሙት ዘግይተው ነው። ኤልዛቤት በመጨረሻ ሼፊልድ ወደነበረው የተረፈ ልጇ ሄደች ይባላል። እኔ ወዳለሁበት ከተማ ማለት ነው።

ወደዚህ ልትመጡ የምታስቡ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ አትጠይቁኝ። የምትሄዱበት ከተማ ያበሻ እድር አለው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ካለው ሲም ካርድ ሳታወጡ፣ ሶፋ ሳትገዙ ተመዝገቡ፤ አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ይጠይቃል፣ በየዋትስአፑ መዋጮ ስንለምን የምንከርመውም ለዚህ ነው። እድር ከሌለው አምስትም ስድስትም ሆናችሁ ጀምሩት።