የአምስት ዓመቱ ቢራ ለምን ቀድሞ አረጀ?

የምሠራበት የቢራ ፋብሪካ ከእያንዳንዱ የጠመቃ ዙር ጥቂት ሳጥኖችን ለናሙና ያስቀራል። የዘወትሩ ቀላል ቢራ ናሙና የመጠቀሚያ ጊዜው እስኪያበቃ ድረስ በየወቅቱ እየተከፈተ ይቀመስና ከዚያ በኋላ ይደፋል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠመቀውና የአልኮል መጠኑ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው ጥቁር ቢራ ግን ከእርሾው ጋር በጠርሙስ ስለሚታሸግ፣ ምድር ቤት ውስጥ ለዓመታት እንዲከርም ይተዋል። የእኔ ሥራ ቅምሻውን ማደራጀት ነው። ቀማሾችን አሠለጥናለሁ፣ ብርጭቆዎችን አዘጋጃለሁ፣ ቅጾችን ሰብስቤ ውጤቱን አጠናቅራለሁ። አብሬያቸው ግን አልቀምስም፤ የትኛው ብርጭቆ ምን እንደያዘ አስቀድሞ ያወቀ ሰው በምላሱ ሊፈርድ አይችልምና።

ገጠመኙ የደረሰው አስተዳደሩ ከከረመው ጥቁር ቢራ የተወሰነውን በልዩ መለያ ለገበያ ለማቅረብ ባሰበበት ወቅት ነው። የሽያጭ ክፍሉ የጠየቀው ዓመቱ በመለያው ላይ በጉልህ እንዲጻፍና ዋጋው ከዕድሜው ጋር ከፍ እያለ እንዲሄድ ነበር። ለዚህም የአንድ፣ የሦስት፣ የአምስትና የስምንት ዓመት ጠርሙሶች ዕድሜያቸው በግልጽ ተጽፎባቸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲደረደሩና ከትንሹ ወደ ትልቁ እንዲቀመሱ ተወሰነ። ቅምሻው በስውር፣ ማለትም ቀማሾቹ የትኛው ብርጭቆ የስንት ዓመት ቢራ እንደያዘ ሳያውቁ፣ ቢደረግ ይሻላል ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ "ይህ እኮ ምርመራ አይደለም፣ ትውውቅ ነው" የሚል መልስ ስለተሰጠኝ በታዘዝኩት መንገድ አዘጋጀሁ።

ከሁሉም ቀድመው የተናገሩት ዋና ጠማቂያችን ናቸው። ይህን ቢራ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ ምላሳቸውም በእውነት የሚያስቀና ነው። የአንድ ዓመቱን "ገና ጎረምሳ ነው፣ አልኮሉ ጉሮሮ ይቧጥጣል" አሉ። ስለ ሦስት ዓመቱ ብዙም አልተናገሩም። አምስት ዓመቱ ላይ ዘቢብና የተቃጠለ ስኳር አነሡ፤ የስምንት ዓመቱን ሲጎነጩ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና "እንግዲህ ይኼ ነው" አሉ። ቅጾቹ ተሰብስበው ሳያቸው ዘቢብና የተቃጠለ ስኳር በሁሉም ላይ ተጽፈዋል፤ የተሰጠው ነጥብም ከአንድ ዓመቱ እስከ ስምንት ዓመቱ አንድም ሳይዛነፍ እንደ ደረጃ ሽቅብ ይወጣል። ጥሩ ሥልጠና የወሰደ የቀማሾች ቡድን በአንድ ናሙና ላይ እንኳ በዚህ መጠን ሲስማማ አይቼ ስለማላውቅ፣ የተቀመሰው ቢራው ነው ወይስ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም።

ጥያቄው ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ቢራ ሲከርም የሚደርስበትን ማየት ያስፈልጋል። በጠርሙሱ አንገት የቀረው ጥቂት ኦክስጅንና በቆርኪው ሽፋን በኩል ቀስ እያለ የሚሰርገው አየር ከቢራው ጋር ይዋሐዳሉ። በቀላል ቢራ ላይ ውጤቱ ቶሎ ይታወቃል፤ መጀመሪያ ለቢራው መራርነትና መዓዛ የሚሰጠው የሆፕስ አበባ ትኩስ ሽታ ይጠፋል፣ መራርነቱ ይለዝባል፣ ከዚያም ቢራው ወረቀት ወረቀት ማለት ይጀምራል። ይህን የረጠበ ካርቶን ሽታ ከሚያመጡት ውሕዶች መካከል ስሙ በብዛት የሚነሣው ትራንስ-2-ኖኔናል ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 0.1 ማይክሮግራም ገደማ፣ ማለትም የአንድ ግራም ዐሥር ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ሲገኝ እንኳ የሠለጠነ ቀማሽ ይለየዋል። ጠንካራ ጥቁር ቢራ ግን ከፍ ያለ አልኮል፣ ከተቆላ ብቅል የመጣ ቀለምና ሳይብላላ የቀረ ጣፋጭነት ስላለው፣ ያው ኦክስጅን እዚያ ሲሠራ የደረቀ ፍራፍሬ፣ የካራሜልና የሼሪ ወይን ዓይነት ቃና ይወጣል። ግርጌ ላይ የረጋው እርሾም በመጀመሪያ ከቀረው ኦክስጅን የተወሰነውን እየወሰደ ቢራውን ይጠብቃል፤ ሞቶ ሲፈራርስ ግን የሥጋ መረቅ የሚመስል ጣዕም ይለቅበታል። አንዱን ቢራ የሚያበላሸው ሂደት ሌላውን ሊያበስለው ስለሚችል፣ "አርጅቷል" እና "ጣፍጧል" የሚሉት ሁለት ፍርዶች በቀማሹ አፍ ውስጥ በቀላሉ ይደበላለቃሉ።

በማግሥቱ የላብራቶሪ ባለሙያችን ከዚያው ቅምሻ የተረፉትን ጠርሙሶች መርምራ ውጤቱን ይዛ መጣች። የቢራ መራርነት በዋናነት የሚመጣው አይሶ-አልፋ አሲድ ከሚባሉት የሆፕስ ውሕዶች ነው። እነዚህ ውሕዶች ትራንስና ሲስ የሚባሉ ሁለት መልኮች ያሏቸው ሲሆን፣ ቢራው ሲከርም የትራንሱ መልክ ከሲሱ ፈጥኖ ይፈርሳል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ምጣኔ የለካ ሰው ቢራው ምን ያህል እንዳረጀ መለያውን ሳያይ ሊገምት ይችላል። ወረቀቷን ዋና ጠማቂው ፊት ዘርግታ "ጋሼ፣ እኔ ጋ የአምስት ዓመቱ ከስምንት ዓመቱ ይበልጥ ያረጀ ሆኖ ነው የወጣው" አለቻቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው "ልጄ፣ የምንሸጠው ለማሽን አይደለም" አሏት፤ ነገር ግን ወረቀቱን ሳይመልሱላት ደጋግመው ካዩት በኋላ ወደ እኔ ዞረው "በስውር ይቀመስ ብለህ ነበር አይደል? በል አዘጋጀው" አሉ።

የመረጥኩት የሦስትዮሽ ፈተና የሚባለውን ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በዴንማርኩ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ሥራ ላይ የዋለና ዛሬም በጥራት ክፍሎች ዘንድ እንደ ዋና መሣሪያ የሚቆጠር ነው። ለቀማሹ ሦስት ብርጭቆዎች ይቀርቡለታል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ ሲይዙ አንዱ የተለየ ነው፤ የተለየውን ማውጣት ብቻ ይጠበቅበታል። በግምት የሚመልስ ሰው ከሦስት አንድ ጊዜ ስለሚሳካለት፣ ዘጠኝ ቀማሾች ባሉበት ስድስትና ከዚያ በላይ የሚሆኑት በትክክል ሲለዩ ውጤቱ በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ ከ100 ከ5 በታች ይሆናል፤ አምስት ሰዎች ብቻ ከለዩ ግን ምንም ማለት አይቻልም። ቀለሙ እንዳይመሰክር ጥቁር ብርጭቆ ተጠቀምን፤ በብርጭቆዎቹ ላይ በዕጣ የወጡ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮች ተለጠፉ፤ የብርጭቆዎቹ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ቀማሽ ተለዋወጠ፤ ቢራው በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቀዳ። ሽቶ የተቀባ እንዳይገባና ከቅምሻው በፊት ቡና እንዳይጠጣም አሳሰብኩ። ከሁሉ የከበደው ግን ዝምታውን ማስከበር ነበር፤ ከልምዴ እንዳየሁት አንድ "እም!" የምትል ድምፅ የጠቅላላውን ክፍል ፍርድ ታዛባለች።

በመጀመሪያ የአምስት ዓመቱና የስምንት ዓመቱ ቀረቡ። ከዘጠኙ ስምንቱ ልዩነቱን አወጡ፤ የትኛው ይበልጥ እንደከረመ ሲጠየቁ ደግሞ አብዛኞቹ ያመለከቱት የአምስት ዓመቱን ነው። ዋና ጠማቂውም ከእነዚሁ ወገን ነበሩ፤ በቅጻቸው ላይ "መረቅ መረቅ ይላል፣ ዕድሜው ገፍቷል" ብለው ጽፈዋል። ሁለተኛው ዙር ባለሙያዋ ባቀረበችው ሐሳብ የተጨመረ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ጉዳዩን የፈታው እሱ ነው። በዚህ ዙር የቀረቡት ሁለቱም ቢራዎች የአምስት ዓመት ናቸው፤ ጠመቃቸው አንድ ነው፣ የተሞሉበት ቀንም አንድ ነው፤ የወጡት ግን በምድር ቤቱ ሁለት ቦታ ከተቀመጡ የተለያዩ ሳጥኖች ነው። ሰባት ሰዎች ለዩአቸው። ውጤቱን ሳነብ ዋና ጠማቂው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ቅጻቸውን አጠፉና "በሉ ምድር ቤቱን እንየው" ብለው ተነሡ።

አስቀድመን ሌሎቹን ምክንያቶች ማጥራት ነበረብን። የሙሌት መዝገቡ ሲታይ በታሸጉት ጠርሙሶች ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ከአንድ ቢሊዮን 50 ክፍል በታች ነው፤ ቆርኪው ከአንድ ርክክብ የመጣ ነው፤ ምድር ቤቱ መስኮት የለውም፤ ጠርሙሶቹም ቡናማ ስለሆኑ ብርሃን የሚታማበት መንገድ አልነበረም። ቀሪው ሙቀት ነበር፤ የሙቀት መዝገቡ ግን ለዓመታት 12 ዲግሪ ያህል እያለ ይቀጥላል። ነገሩ የተገለጠው ባለሙያዋ በየሳጥኖቹ መካከል የሙቀት መመዝገቢያዎችን አስቀምጣ ለጥቂት ቀናት ከተወች በኋላ ነው። የውስጠኛው ጥግ ከ12 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ሲቆይ፣ በአንደኛው ግድግዳ ሥር ያሉት ሳጥኖች ግን የጠርሙስ ማጠቢያው ሥራ በጀመረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 22 ዲግሪ ይወጣሉ። የማጠቢያው የሙቅ ውኃ ቧንቧ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። ቴርሞሜትሩ የተሰቀለው በሩ አጠገብ ሲሆን፣ የሚነበበውም ጠዋት ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ነው። የአምስት ዓመቱ ጠመቃ በዚያ ዓመት በርከት ብሎ ስለነበር ከፊሉ በውስጠኛው ጥግ፣ ከፊሉ በግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ ለመጀመሪያው ቅምሻ የመጣው ለበሩ የሚቀርበው የግድግዳው ሥር ሳጥን ነበር።

10 ዲግሪ ሲባል ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ቢራን የሚያስረጁት ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት ሁለትና ሦስት እጥፍ ያድጋል። በቢራ ጥራት ሙያ ውስጥ ላሉ የታወቀ ግምታዊ ስሌትም አለ፤ በ32 ዲግሪ ለ3 ቀን፣ በ22 ዲግሪ ለ30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ደግሞ ለ300 ቀን የተቀመጠ ቢራ የሚደርስበት የእርጅና መጠን ተቀራራቢ ነው ይላል። ስሌቱ ለቀላል ቢራ የወጣ ቢሆንም አቅጣጫው ለጠንካራውም ይሠራል። ግድግዳው ሌሊትና በበዓላት ቀን ይቀዘቅዝ እንደነበር ብንቆጥር እንኳ፣ እዚያ የቆየው አምስት ዓመት ውስጠኛው ጥግ ከቆየው ስምንት ዓመት ቢበልጥ የሚያስገርም አልነበረም።

የሽያጭ ክፍሉ ባልደረባ ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ሁሉንም አቀዝቅዘን ብናቆየው ኖሮ ሁሉም ጥሩ ይሆን ነበር ማለት ነው" አለ። ነገሩ እንደዚያም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በባልቲክ ባሕር በኦላንድ ደሴቶች አቅራቢያ ከሰጠመች መርከብ የ1840ዎቹ የቢራ ጠርሙሶች ወጥተው ነበር። ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ የባሕር ወለል ላይ ከ160 ዓመታት በላይ የቆዩ ቢሆንም፣ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሲከፍቷቸው የጎመዘዘ ወተት፣ የተቃጠለ ጎማና የፍየል ሽታ አገኙባቸው፤ የባሕር ውኃ ሰርጎባቸዋል፣ ባክቴሪያም ሠርቶባቸዋል። ቅዝቃዜ ለውጡን ያዘገያል እንጂ ከጠመቃው ጀምሮ የገባን ጀርም ወይም የላላ ክዳንን አያክምም።

ከዚህ በኋላ በሥራችን ላይ ጥቂት ለውጦች ተደረጉ። የቅምሻ ቅጹ ተከፋፈለ፤ ቀማሹ መጀመሪያ ልዩነት መኖሩን ብቻ ይመልሳል፣ ቀጥሎ ያገኘውን ቃና ይገልጻል፤ የትኛው ይጣፍጣል የሚለው ጥያቄ ከሙያ ቀማሾች ተወስዶ ለሌሎች ሰዎች ተሰጠ። ቅጹ ተሰብስቦ ሳያልቅ ማንም እንዳይናገር፣ ሲናገርም ከታናሹ እንዲጀመር ያዘዙት ራሳቸው ዋና ጠማቂው ናቸው። ቧንቧው ሙቀት በማያስተላልፍ ሽፋን ተጠቀለለ፤ መመዝገቢያዎቹም በየጥጉ በቋሚነት ተተከሉ።

በግድግዳው ሥር ስለከረሙት ሳጥኖች ግን ክርክሩ ቀጠለ፤ ምክንያቱም ቢራው ተበላሸ ለማለት የሚደፍር አልነበረም። የሙያ ቀማሾች ላልሆኑ ጠጪዎች በስውር ሲቀርብ ከሦስቱ አንዱ ያህል ከውስጠኛው ጥግ ቢራ ይልቅ እሱን መረጠ፤ የመረቁን ጣዕም እንደ ጥልቀት የወሰዱት ነበሩ። የሽያጭ ክፍሉ "የአምስት ዓመት" ብሎ ሊሸጠው ፈለገ፤ ባለሙያዋ አንድ መለያ ሁለት የተለያዩ ቢራዎችን መሸፈን እንደማይችል ተከራከረች፤ አስተዳደሩም እሷን ደገፈ። ለገበያ የወጣው የስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ በጀርባው መለያ ላይ ከዓመቱ ሥር የተቀመጠበት ሙቀት ተጻፈ። የግድግዳው ሥር ሳጥኖች ለአዳዲስ ቀማሾች ማሠልጠኛ ተሰጡኝ፤ ሙቀት በቢራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ከዚያው ጠመቃ ከውስጠኛው ጥግ የወጣ ጠርሙስ ጎን ለጎን እከፍትላቸዋለሁ።