ጅረን ሁለት ጊዜ የወጣንበት ምክንያት

ጅማ ተወልጄ ባድግም ከተማዬን ለእንግዳ ማሳየትን የተማርኩት አምና በኅዳር፣ አጎቴ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ነው። ከአዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዘው ነበርና ደስ ላሰኛቸው ብዬ በማግስቱ በማለዳ ቀጥታ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወሰድኳቸው። ስህተቴ ይህ ነበር።

ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅረን ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ ጋራ ላይ ነው። ጋሼ በሰገነቱ ሥር ቆመው የተጠረበውን እንጨት በመዳፋቸው እየዳሰሱ ተደነቁ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 መግዛታቸውን፣ ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው መቆየታቸውን ነገርኳቸው። አባ ጅፋር የፈረስ ስም መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ «እንደ ምኒልክ አባ ዳኘው በይኛ!» አሉ። ክፍሎቹ ግን ባዶ ነበሩ። «ልጄ፣ ሰውዬው የት ነበር የሚቀመጡት?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

መልሱ ያለው ከተማው ውስጥ፣ ጅማ ሙዚየም ነበር። ከሰዓት በኋላ የአባ ጅፋርን የቤት ዕቃ ሲያዩ ጋሼ ወንበሩ ፊት ቆመው አልነቃነቅ አሉ። በነጋታው «እንመለስ» አሉኝ። ሁለተኛው ጉዞ ሌላ ነበር፤ እዚህ አልጋው፣ እዚያ ወንበሩ እያሉ ባዶውን ቤት በዕቃ ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣብኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ አስቀድማችሁ ሙዚየሙን እዩ።

በሦስተኛው ቀን በአጋሮ በኩል ወደ ጮጬ ሄድን፤ ቡና የተገኘባት ተብላ የምትነገርላት የጎማ ወረዳ መንደር ናት። ቀደም ሲል ጓደኞቼን በሐምሌ ወስጃቸው ከጭቃና ከአረንጓዴ ፍሬ በቀር ያዩት አልነበረም። ኅዳር ግን የለቀማ ወቅት ነው። እሸት ቡናው በቅርጫት ይመጣል፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ሴቶች በእጃቸው እያገላበጡ ያልበሰለውን ይለቅማሉ። ጥግ ላይ ጀንፈሉ፣ ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ ሲነካ እንደ ጠጠር ይንሿሿል።

ጋሼ አንዱን ቀይ ፍሬ ልጠው ቀመሱት። «ይጣፍጣልሳ!» አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቡና የጠጡ ሰው። ከለቃሚዎቹ አስፈቅደው ጥቂት ፍሬ በመሐረባቸው ቋጠሩ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደማያበቅለው ነገርኳቸው።

«ለማብቀል አይደለም» አሉ፤ «ለጎረቤት ላሳይ ነው።»