የአጎቴ ምላስ

ዛሬ አጎቴን ይዤ ጥርስ ሐኪም ቤት ዋልኩ። ቡና ሲጠጡ ምላሳቸውን ጎኑ ላይ ይቆጠቁጣቸው ከጀመረ ወር አልፎታል። "ጫት ልጦኝ ነው" ይላሉ። ጅማ ላይ አፍ ውስጥ የሚወጣ ነገር ሁሉ በጫት ይሳበባል፤ ካልሆነም ምች ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል።

ሐኪሟ ምላሳቸውን በፋሻ ጨርቅ ይዛ ሳብ አደረገችው። ምስር የምታክል ቁስል፣ ዙሪያዋ ነጣ ያለ። በጣቷ ጫን አድርጋ "ጠንከር ይላል" አለች። ከዚያ ስለ ሲጋራ ጠየቀቻቸው። አጎቴ ሰረቅ አድርገው እኔን አዩኝ። አርባ ዓመት አጭሰው እኔ የማላውቅ ይመስላቸዋል!

እንደነገረችን፣ 2 ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል መታየት አለበት። የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ነገር፣ እብጠት፣ መደንዘዝ፣ ያለምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስም እንደዚሁ። የአፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ላያም ይችላል። የሚያዘናጋው ይሄ ነው። የአጎቴን ካንሰር ነው አላለችም፤ የሚለየው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ሪፈር ጻፈችልን።

ስንመለስ ሂርማታ ጋ ቡና ልጋብዝዎት አልኳቸው። ባጃጁ ውስጥ ሆነው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ ፓኮውን አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ሦስት ፍሬ ቀርቶታል።