ጭራቆቹ መንደር አገኙ

የኦርላንዶ በጋ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ሙቀቱ ያንገበግባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ድንገት ይከፈትና ዶፉን ይለቀዋል። ይህን እያወቅኩ በጁላይ የሄድኩት የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ ነው። እሱ የመጣው ለሱፐር ማሪዮ ነው። እኔ የመጣሁት ግን የከሸፈ የፊልም ዕቅድ መጨረሻውን ለማየት ነው።

ኤፒክ ዩኒቨርስ የሚባለው አዲሱ የፊልም ስቱዲዮው የዩኒቨርሳል መዝናኛ ፓርክ ከነባሮቹ ፓርኮች በስተደቡብ ጥቂት ማይሎች ፈቀቅ ብሎ ነው ያለው። መሃሉ ውሃና አትክልት የሞላበት ሰፊ መናፈሻ ነው። ከመናፈሻው ወደ አራት ዓለማት የሚያስገቡ በሮች አሉ፤ አንዱ ወደ ኒንቴንዶ፣ አንዱ ወደ ድራጎኖቹ ደሴት፣ አንዱ ወደ ሃሪ ፖተር። የአራተኛውን ስም ካርታው ላይ ሳነብ ሳቄ መጣ። ዳርክ ዩኒቨርስ።

ሳቄ ለምን እንደመጣ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2017 ዩኒቨርሳል በዚሁ ስም ትልቅ የፊልም ዕቅድ ይፋ አደረገ። ድሮ ያስፈሩን የስቱዲዮው ጭራቆች ሁሉ በአዲስ መልክ ተሠርተው፣ ልክ እንደ ማርቭል ጀግኖች በአንድ ዓለም ውስጥ ሊገናኙ ነበር። አርማ ተሠራ። ለአርማው የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ዳኒ ኤልፍማን ሙዚቃ ጻፈ። ቶም ክሩዝ፣ ራስል ክሮው፣ ሶፊያ ቡቴላ፣ ጆኒ ዴፕና ሀቪየር ባርዴም አብረው የሚታዩበት ፎቶ ተለቀቀ። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። የቀረው ፊልሙ ብቻ ነበር።

ፊልሙ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አሌክስ ከርትስማን ያዘጋጀው አዲሱ «ዘ ማሚ» ነው። የኛ ትውልድ በቪዲዮ ቤት ያየው የ1999ኙ፣ ብሬንዳን ፍሬዘር እየሮጠ የሚያስቀን፣ ሌላ ነው። አዲሱ ግን አያስቅም፣ አያስፈራምም። እውነቱን ለመናገር አንድ ግሩም ትዕይንት አለው። አውሮፕላኑ ሲወድቅ ተዋንያኑ በአየር ላይ የሚንሳፈፉት በእውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ ክብደት አልባ ሆነው ነው የተቀረጹት። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ቆሞ ማስታወቂያ ይጀምራል። ራስል ክሮው ዶክተር ጄኪል ሆኖ፣ ለንደን ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሥር ያለ ምስጢራዊ ድርጅት ይመራል። እዚያ ብልቃጥ ውስጥ የቫምፓየር የራስ ቅል እናያለን። ለምን? ለሚቀጥለው ፊልም። ያቺ ቡቴላ የተጫወተቻት ማሚዋ ልዕልት አህማኔት፣ የፊልሙ ባለቤት መሆን የሚገባት፣ ታስራ ትቀመጣለች። እንግዳ ተጋብዞ ምግቡ ሳይቀርብ ስለ ነገው ድግስ ሲወራ እንደመዋል ነው።

ውጤቱ ይታወቃል። ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት የተባለው ፊልም አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወደ 32 ሚሊዮን ብቻ አስገባ። በዓለም ዙሪያ 400 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል፣ ግን ለማስታወቂያ የፈሰሰው ገንዘብ ሲታሰብ ያ አላዳነውም። ቀጥሎ ይመጣል የተባለው የፍራንከንስታይን ሙሽራ ፊልም በኦክቶበር ተራዘመ። በኖቬምበር ከርትስማን ራሱ ከዕቅዱ ወጣ። አለቀ።

እንግዲህ ፓርኩ የተከፈተበትን ቀን ልብ በሉ፤ ሜይ 22 ቀን 2025። ዕቅዱ ይፋ በሆነ ልክ በስምንተኛ ዓመቱ! አስበውበት ይሁን አጋጣሚ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። በኛ አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ ግንቦት 14 ቀን 2017 ነው። ፊልሙ በፈረንጆቹ 2017 ሞቶ በኛው 2017 ተነሳ ማለት ነው።

በሩን አልፈን ስንገባ ሙቀቱ ያው ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። ዳርክሙር የሚባል ያረጀ የአውሮፓ መንደር። የጠቆሩ ቤቶች፣ ጠማማ ጣሪያዎች፣ ጫፉ ላይ የፍራንከንስታይን ግዙፍ ቤት። ቶም ክሩዝን ፈለግኩት፣ የለም። ምስጢራዊ ድርጅትም የለም። ያለው የፍራንከንስታይንን ጭራቅ የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍና ድራኩላን የተጫወተው ቤላ ሉጎሲ በ1931 ያወረሱን ዓለም ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የነፋስ ወፍጮውን ነው። ታችኛው ክፍሉ መጠጥ ቤት ነው። በየተወሰነ ጊዜ ላዩ ላይ እሳት ቦግ ይላል፣ በእውነተኛ ነበልባል። ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል፣ በፍሎሪዳ በጋ ይህ ውለታ አይደለም። ግን ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። የ1931ዱን ፍራንከንስታይን ያየ ሰው ለምን ወፍጮ እንደሚነድ ያውቃል። ያላየውም ይደነቃል።

የመንደሩ ዋና ራይድ እዚያ ግዙፍ ቤት ውስጥ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግን ጥሩነቱ ሰልፉ ራሱ በቤቱ ውስጥ ያዞራችኋል። ታሪኩ ቀላል ነው። የድሮው ዶክተር ዝርያ የሆነችው ቪክቶሪያ ፍራንከንስታይን ድራኩላን እገራለሁ ትላለች። ድራኩላ የሚገራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ወንበራችሁን የያዘው የሮቦት ክንድ ወዲያና ወዲህ ይወረውራችኋል። ሁሉም ጭራቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ያ በፊልም ያልተሳካው ነገር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሆነ። ለሚቀጥለው ክፍል ጠብቁ ያለኝ የለም።

ወደ ተኩላ የሚለወጠው ሰው ደግሞ ሮለር ኮስተር ደርሶታል። ወንበሩ ይሽከረከራል። የእህቴ ልጅ ብቻውን ገባ። እኛ አገር በተረት ሰው የሚለወጠው ወደ ጅብ ስለሆነ ነገሩ አይመለከተኝም ብዬ ውጭ ቀረሁ።

ዝናቡ ሲመጣ ጣሪያ ሥር ተጠግተን የፊልሙን ታሪክ አጫወትኩት። ግራ ተጋባ።

«አጎቴ፣ ዳርክ ዩኒቨርስ ፊልም ነበር እንዴ?»

«ሊሆን ነበር።»

«እኔ ከመጀመሪያውም ፓርክ ነው ብዬ ነበር።»

ልጁ ልክ ነው። ለእሱ ዕድሜ ስሙ ውድቀት አይደለም፣ አንድ መንደር ነው። ስቱዲዮውም ትምህርቱን የወሰደ ይመስለኛል። ከዚያ ኪሳራ በኋላ በ2020 «የማይታየው ሰው» የሚባለውን ፊልም በ7 ሚሊዮን ዶላር ብቻ፣ ከምንም ሳያያይዙ ሠሩት፤ ከ140 ሚሊዮን በላይ አስገባ። አንዲት ሴትን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ ፊልም ነው፣ የምር ያስፈራል።

ዝናቡ ሲያባራ የማሪዮን ዕዳ ከፈልኩ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቀለሙ ይበዛል፣ ሕፃን ይበዛል።

ማታ ሆቴል ገብተን የ1931ዱን ፍራንከንስታይን ከፈትኩለት። ሰባ ደቂቃ ገደማ ነው። መጀመሪያ ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ጥቁርና ነጭ ነው ብሎም አጉረመረመ። መጨረሻው ላይ መንደርተኛው ችቦ ይዞ ሲወጣ ስልኩን አስቀመጠ።

«እንዴ! ያ ወፍጮ!»

ፊልሙ እንዳለቀ ቀጣይ እንዳለው ጠየቀኝ። አለው አልኩት፣ የ1935ቷ ሙሽራ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። እናቱ እንዳትሰማ ብሎ አስከፈተኝ።