ወደ ምሥራቅ የዞሩ ዲሾች፦ ከጅማ መንገድ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ከተማ እየቆጠረ ነው የሚሄደው፤ ዓለም ገና፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ። እኔ በዚህ ክረምት ስሄድ ዓይኔ የነበረው ጣሪያ ላይ ነው። ዲሽ የሌለበት ሰፈር አላየሁም። ግንብ ላይ በብሎን የታሰረ አለ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ላይ በሽቦ የተጠመጠመ አለ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት የቆመም አለ።

ሁሉም አንድ ቦታ አያዩም። አንዳንዱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ታች አዘንብሎ ነው የቆመው፤ እሱ ናይልሳትን ይፈልጋል፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ። ሌላው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሽቅብ ያንጋጠጠ ነው፤ እሱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚባለው መድረክ ሲሰባሰቡ ነው የአገሩ ዲሽ ፊቱን ማዞር የጀመረው። ሳተላይቱ የሉክሰምበርጉ የኤስኢኤስ ኩባንያ ኤንኤስኤስ 12 ነው፤ ኢትዮሳት የስብስቡ ስም ነው። አንዳንድ ቤት ሁለቱንም አላስቀረም፤ ለዓረብ ቻናል አንድ ዲሽ፣ ለአገር ቤት አንድ ዲሽ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ብርዱ ይቀርና ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ጃኬት ያወለቀ ሁሉ አበልቲ ሲደርስ መልሶ ይለብሳል። ከሶኮሩ ወደ አሰንዳቦ ሲኬድ የግልገል ጊቤ ውሃ ይታያል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የጊቤ ግድብ ነው። ሰርቦን አልፈን ጅማ ስንገባ ዝናቡ ተቀበለን።

ጅማ የመጣሁበት ምክንያት አንድ ጥያቄ ነው፦ የሕዝብ ቴሌቭዥን የራሱ ተመራማሪ ያስፈልገዋል ወይ? ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከጅማ ስመለስ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ አምኜ ነው።

የጅማ መርካቶ አካባቢ ሪሲቨርና ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ አለ። ዲሽ የሚያስተካክለው ወጣት ዝናቡ እስኪያባራ ከባለሱቁ ጋር ቡና ይጠጣል። ስልኩ አላረፈም። "ጋሼ፣ ክረምት ሲገባ የሚጠራኝ ሰው ይበዛል" አለኝ። "ሄጄ ሳየው ግን ብዙው ዲሽ ደህና ነው። ዝናቡ ሲያቆም ራሱ ይመጣል። ሂሳብ ልቀበል ብል ደግሞ አፍራለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቭዥኑ የሚመጣበት የኬዩ ባንድ ሞገድ በጣም አጭር በመሆኑ የዝናብ ጠብታ ኃይሉን ይበላበታል። የሚበላው መጠን ሞገዱ በዝናቡ ውስጥ በሚጓዘው ርዝመት ይወሰናል። ጅማ ላይ ቆመን ብናሰላው ናይልሳት ከአድማስ በላይ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የምሥራቁ ሳተላይት ደግሞ 65 ዲግሪ ገደማ። ከፍ ካለ ቦታ የሚመጣው ሞገድ በዝናቡ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ሲሶ ያህል ያጥራል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን የዲሹ መዞር ለጅማ ሰው ጥቅም አለው። ይህን ለወጣቱ ስነግረው ዝም ብሎ አሰበና "ለካ ለዚህ ነው" አለኝ። ናይልሳትን የሚያዩት ደንበኞቹ ቀድመው እንደሚደውሉለት ለብዙ ጊዜ አስተውሏል። መሣሪያ ሳይኖረው፣ በስልክ ጥሪ ብቻ፣ ትክክለኛ ምልከታ አድርጓል። እንዲህ ያለውን ሰው መጥቶ "ምን አየህ?" ብሎ የሚጠይቅ የጣቢያ ባለሙያ ቢኖር ብዙ ነገር ባገኘ ነበር።

የውጭዎቹ ጣቢያዎች ይህን ጥያቄ ከጠየቁ ቆይተዋል። የጃፓኑ የሕዝብ ጣቢያ ኤንኤችኬ ቶኪዮ ውስጥ የራሱ የምርምር ተቋም አለው፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ጃፓንም ዝናብ አላት። እዚያ የዲጂታል ሳተላይት ስርጭት ሲነደፍ አንድ ብልሃት አብሮ ገባ፦ ዋናው ጥርት ያለ ምስል በከባድ ዝናብ ሲቋረጥ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ግን በቀላሉ የማይጠፋ ሌላ ምስል በዚያው ስርጭት አብሮ ይላካል። ተመልካቹ ጥቁር መስኮት ላይ አያፈጥም። ይህን ያሰበው ዝናብ የሚዘንብበትን ቤት ከመነሻው ያስታወሰ ሰው ነው።

ከመርካቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ ወጣሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራቸው ቤቶች አሁንም አሉ፤ ጅማ ያኔ ከጣሊያን አስተዳደር ማዕከሎች አንዷ ነበረች። እዚያ ስሄድ የታሰበኝ ሌላዋ የጣሊያን ከተማ ቶሪኖ ነች። የጣሊያኑ የሕዝብ ጣቢያ ራይ የምርምር ማዕከሉ ቶሪኖ ነው። ዛሬ በኢትዮሳት የምናየው ኤችዲ ምስል የሚመጣበት ዲቪቢ ኤስ 2 የሚባለው የስርጭት ስልት ሲዘጋጅ የቴክኒክ ቡድኑን የመራው የዚያ ማዕከል ሰው አልቤርቶ ሞሬሎ ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ጋላገር እ.ኤ.አ. በ1960 ለዶክትሬት ጽሑፉ ያሰበው የስህተት ማረሚያ ስሌት ለረጅም ዘመን መደርደሪያ ላይ ከቆየ በኋላ የዚህ ስልት ልብ ሆነ። ሪሲቨሩ በመንገድ የተበላሸውን ራሱ እያሰላ ይጠግነዋል። በዚያው የሳተላይት ኪራይ ከቀድሞው 30 በመቶ ገደማ የበለጠ ማስተላለፍ ተቻለ።

ይህን ስናገር ልቤ ይሞላል። የጣሊያን ቤተሰብ ለቴሌቭዥን በከፈለው ዓመታዊ ክፍያ የተደገፈ ምርምር የጅማ ጣሪያ ላይ ደርሷል። የሕዝብ ጣቢያ ምርምር እንዲህ ነው፤ አንዴ ደረጃ ሆኖ ከወጣ ድንበር አይዘውም።

ማታ ያረፍኩት ቆጪ ሰፈር፣ የቤተሰብ ወዳጅ ቤት ነው። አባወራው ሽማግሌ ናቸው፤ በሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዜና ይከታተላሉ። ድምፁ እስከ ደጅ ይሰማል። ልጃቸው ልትቀንሰው ስትነሳ ከለከሏት።

"ልጄ፣ ድምፁ አይደለም ችግሩ" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። "ይሮጣሉ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል።"

ኤንኤችኬ ለዚህም መልስ ፈልጎ ነበር። ተመራማሪዎቹ የተናጋሪውን ድምፅ ሳያወፍሩ ወይም ሳያቀጥኑ ንግግሩን ብቻ የሚያዘገይ ስልት ሠሩ። ዝምታዎቹን እያሳጠረ፣ ቃላቱን እያስረዘመ፣ ዜናው በሰዓቱ እንዲያልቅ ያደርጋል። ለአረጋውያን ተብሎ በሬዲዮና በቴሌቭዥን መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ተሸጠ። ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው "እንዲህም አለ?" አሉና ደጋግመው ጠየቁኝ።

ከዚያ ወሬው ወደ ድሮ ዞረ። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ የሰሙት በሬዲዮ ነው። እኔም ስለ ቀኑ የማውቀውን ነገርኳቸው። ማራቶኑ የተሮጠው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር፤ ኤንኤችኬ ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ አስተላለፈው፤ የጃፓን ሕዝብ አበበን ቤቱ ቁጭ ብሎ አየው። የኢትዮጵያ ቴሌቭዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ ከ12 ቀን በኋላ። በዚያው ዓመት የኤንኤችኬ ተመራማሪዎች "ከዚህ የሚቀጥለው ቴሌቭዥን ምን ይሁን?" ብለው ዛሬ ኤችዲ የምንለውን ምርምር ጀመሩ። መነሻቸው የሰው ዓይን ነበር። ሰው ከምስሉ ፊት በምን ያህል ርቀት ቢቀመጥ፣ ምስሉም ምን ያህል ቢሰፋ እቦታው ያለ ይመስለዋል ብለው ሰዎችን እያስቀመጡ ፈተኑ። ከምስሉ ከፍታ ሦስት እጥፍ ርቀት የሚለው ልክ ከእንደዚህ ያለ ፈተና የወጣ ነው። ያ ጥናት ከኤችዲ በብዙ የጠራው የ8ኬ ስርጭት ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አንድ ጥያቄ ይዞ መቆየት ትልቅ ትዕግሥት ነው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ ዕቃውን ነው የተቀበልነው፣ እነሱ ጥያቄውን ይዘው ቀሩ" አሉ።

በማግሥቱ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ። የእንጨት ሥራው ድንቅ ነው፤ ሌላ ቀን በራሱ ይጻፋል። አብሮኝ የወጣው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ያወራነው ስለ ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የሳተላይት ትምህርት የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከላይ ይመጣል፣ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስዳል፤ መምህሩ ማቆም አይችልም፣ መመለስ አይችልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ። "ልጅ እጁን ያወጣል፣ እኔ ደግሞ በእጄ ቆይ እላለሁ" አለኝ መምህሩ። "ሲያልቅ ጥያቄውን ረስቶታል።" ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2007፣ ቢቢሲ አይፕሌየርን ለሕዝብ ከፈተ፤ ተመልካቹ የፈለገውን ፕሮግራም በፈለገው ሰዓት ከፍቶ፣ አቁሞ፣ መልሶ የሚያይበት። ሁለቱም ዲጂታል ናቸው። አንደኛው ግን የተቀባዩን እጅ አሰረ፣ ሌላው ፈታ። ስክሪኑ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ያችን የወጣች እጅ ያየ ተመራማሪ ቢኖር የማቆሚያ ቁልፍ ይታሰብ ነበር እላለሁ።

ከሰዓት ኪቶ ፉርዲሳ ሄድኩ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው እዚያ ነው። ጉዞዬን በደስታ የሞላው እዚያ ያገኘሁት ተማሪ ነው። ንግግርን ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም ላይ ይሠራል፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚያስቸግሩት በተለያየ ቦታ ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀውም ድምፅ የሚረዝመውም ድምፅ በድርብ ፊደል ይታያል፤ የአማርኛ ፊደል ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አማርኛን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ሲፈለግ የጎደለውን ከዓረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ጅማ ላይ ደግሞ ሰው በአንድ ንግግር ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ ያቀላቅላል፤ ቡና ቤት አንድ ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። ከለንደን ወይም ከቶኪዮ መጥቶ ይህን የሚፈታልን የለም።

"ምን ይጎድልሃል?" አልኩት።

"ድምፅ" አለኝ። "ከጽሑፉ ጋር የተጣመረ ድምፅ።"

ኤንኤችኬ እ.ኤ.አ. በ2000 የዜና ንግግርን ኮምፒውተር እየሰማ በቀጥታ የግርጌ ጽሑፍ እንዲያወጣ ሲያደርግ፣ ከኮምፒውተሩ ማስተማሪያዎች አንዱ የራሱ የዜና ጽሑፍ ክምችት ነበር። የእኛም የሕዝብ ጣቢያ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ዜና ሲያነብ ኖሯል። አንባቢው የሚያነበው የተጻፈ ነው፤ የተነበበውና የተጻፈው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪው የሚለምነው ነገር ማለት ናቸው። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፤ ይህን ያህል ቋንቋ በሠለጠነ አፍ ሲነበብ የኖረበት ሌላ ቤት አገራችን ውስጥ አላውቅም። መስማት ለተሳነው ተመልካች የግርጌ ጽሑፍ፣ ማየት ለተሳነው የሚነበብ ጽሑፍ፣ ለቆጪው ሽማግሌ ቀስ ያለ ዜና፤ ሁሉም ከዚህ ክምችት ሊወጣ ይችላል። ቴፕ ግን ያረጃል፤ ማጫወቻውም መለዋወጫ እየጠፋለት ነው። ስለዚህ ወደ ዲጂታል ማዛወሩ ከምርምሩ ጋር አብሮ ቢጀመር፣ ድምፁም ጽሑፉም በአንድ ላይ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

ተማሪው ስለ ዝናቡም ስነግረው ወዲያው ገባው። የሕንፃው ጣሪያ ላይ ሁለት ዲሽ፣ አንድ የዝናብ መለኪያ፣ የሲግናሉን ጥራት በየደቂቃው የሚመዘግብ ኮምፒውተር፤ አንድ ክረምት ብቻ ቢመዘገብ በየትኛው ሰዓት፣ በስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ ምስሉ እንደሚቋረጥ ይታወቃል። ያን የመርካቶውን ወጣት መጀመሪያ አነጋግረው አልኩት፤ የሱቁን ቦታም ነገርኩት።

ለሕዝብ ጣቢያችን የምልከውን ደብዳቤ እዚያው ጅማ ጀምሬዋለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ከዜና ክምችቱ የተወሰነው ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በውል እንዲከፈት፣ እና ጣቢያው ኪቶ ፉርዲሳ ላይ አንድ መሐንዲስ ለአንድ ክረምት እንዲመድብ።